ዕርቅን ስለ መማር፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ ዩኒቨርሲቲ

ወደ ውጭ አገር ሄዶ ሕክምና ወይም የመንገድ ሥራ ወይም ሕግ መማር በአገራችን ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። ልጁን ለዚህ ትምህርት የሸኘ አባት፥ ልጁ ምን ይዞ እንደሚመለስ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በሽተኛ የሚፈውስ፥ ድልድይ የሚሠራ፥ ወይም በችሎት ቆሞ የሚከራከር ሰው ይጠብቃል። ዳሩ ግን ከቅርብ ዘመን ወዲህ፥ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል እያገኙ የሚማሩት ሌላ ዐይነት ትምህርት መጥቷል፤ ይኸውም ሰዎችና ሕዝቦች ስለ ምን እንደሚጣሉ፥ ጠባቸውም በምን መንገድ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሊለወጥ እንደሚችል የሚመረምር ትምህርት ነው። አንድ የደሴ አዛውንት «ልጅዎ ምን ይማራል?» ተብለው «ዕርቅ ይማራል» ብለው ቢመልሱ፥ ጎረቤታቸው «ዕርቅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛም ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ቁም ነገር ቈጥረን፥ ከወሎ ታሪክ ምስክር እየጠራን ለመመለስ አስበናል።

ወሎን ለዚህ ነገር ምስክር አድርገን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በደጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቍልቍለት ወርደው የሚያገኟት የቆላማው አገር በር ናት። ሁለቱን ከተሞች የቦርከና ወንዝ ያገናኛቸዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ባቲን አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ በባቲ የሰኞ ገበያ ላይም ከደጋ እህል ይዞ የወረደው ገበሬና ከበረሓ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የመጣው አርብቶ አደር ይገናኛሉ። ዐማራው፥ ኦሮሞው፥ አፋሩና አርጎባው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በዚህ መተላለፊያ ላይ ጎን ለጎን ኖረዋል። እንዲህ ባለ አገር ጠብ አይጠፋም፤ የግጦሽና የውሃ፥ የድንበርና የደም ነገር ይነሣል። ጠብ በማይጠፋበት አገር ደግሞ የማስታረቅ ዕውቀት የኑሮ መሣሪያ ይሆናል እንጂ የትርፍ ጊዜ ጌጥ አይሆንም።

ታሪኩን ከ1870 ዓ.ም. እንጀምር። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ታረቁ። ሁለቱም ሠራዊታቸውን አሰልፈው ሲፋጠጡ ከቆዩ በኋላ፥ በካህናትና በሽማግሎች አማላጅነት ጦርነቱ ቀረ፤ ንጉሥ ምኒልክም ባገሩ ልማድ በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቀረቡ ይነገራል። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው በክርስቲያኖች መካከል ለብዙ ዘመን ሲያከራክር የነበረውን የልደትና የቅብዐት ትምህርት ነገር ለመወሰንና መንግሥቱን በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት የታሰበ ነበር።

በጉባኤው የተረታው ወገን ትምህርቱን እንዲተው ታዘዘ፤ የወሎም እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ ዐዋጅ ወጣ። ከወሎ መሳፍንት አንዱ የነበሩት መሐመድ ዐሊ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ ዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆኗቸው። ዐዋጁን ያወጡት ሰዎች የአገር አንድነት የሚጸናበትን መንገድ ያገኙ መስሏቸው እንደ ነበረ መካድ አይቻልም። የሆነ ሆኖ አንድነቱ ከሕዝቡ ልብ ሳይመክር የመጣ ነበርና ብዙ ሰው ተሰደደ፤ በ1870ዎቹም ሼህ ጦልሐ ብን ጃዕፈር ሕዝቡን አስከትለው በዐመፅ ተነሡ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። እንግዲህ ልቼንና ቦሩ ሜዳን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለት ወር ርቀት ሁለት ዐይነት ሰላም እናያለን። አንደኛው አማላጅ ገብቶበት፥ ድንጋይ የተሸከመውም ድንጋዩን የሚያስወርደውም ፊት ለፊት ተያይተው ያደረጉት ነው። ሁለተኛው ግን ከላይ የተነገረ ዐዋጅ ነው፤ ከታች ያለው ሰው ምን ይላል ተብሎ አልተጠየቀበትም።

ከዚህ በኋላ 11 ዓመት ቈይቶ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ ከደሴ በስተ ሰሜን በአምባሰል ምድር ባለችው በውጫሌ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። የውሉን 17ኛ አንቀጽ ነገር የማያውቅ ተማሪ የለም። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመገልገል «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አቀረበው። አንዱ ወገን ፈቃድ ያለውን ሌላው ወገን ግዴታ አለው፤ በዚህም ምክንያት የወዳጅነት ውል የተባለው ወረቀት የጦርነት ምክንያት ሆኖ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተፈጸመ። እርግጥ ነው፥ የኢጣልያ መንግሥት አስቀድሞ የቅኝ ግዛት ሐሳብ ነበረውና ጦርነቱን የትርጕም ስሕተት ብቻ አመጣው አንልም። ዳሩ ግን የሰላም ቃል በሁለት ቋንቋ ሲነገር ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር መስማታቸውን ማረጋገጥ እንደሚገባ፥ ከውጫሌ የበለጠ አስተማሪ አይገኝም። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የነገሥታቱ ታሪክ ይህን ሲመስል፥ ሕዝቡ በበኩሉ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። ቀድሞ መሐመድ ዐሊ የነበሩት ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አድርገው፥ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ በከተማይቱ ያሠሩት ታላቅ የግብር አዳራሽም «አይጠየፍ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። የስሙ ትርጕም ማንንም የማይንቅ፥ ሁሉን የሚቀበል ማለት ነው። ወሎዬ ይህን ስም ከአዳራሹ ወደ ቤቱ አስገብቶታል ብንል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን ይገኛል፤ ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን በየሃይማኖታቸው ለየብቻ ይታረዳል፥ ድንኳኑና ጨዋታው ግን አንድ ነው። ይህ ልማድ በአንድ ቀን ዐዋጅ አልተሠራም፤ የቦሩ ሜዳን ዐዋጅና ከእርሱ በኋላ የመጣውን መከራ ያየ ሕዝብ፥ በብዙ ትዕግሥት ያቆየው ነው።

ጠብ በሚነሣበትም ጊዜ የታወቀ ሥርዓት አለ። በወሎ አባጋር የሚባሉ አስታራቂ አባቶች፥ የአገር ሽማግሎችና የሃይማኖት መሪዎች ነገሩን ይይዙታል። ቡናው ይፈላል፥ ዕጣኑ ይጨሳል፥ በወዳጃ ላይ ምርቃቱና ዱዓው ከነገሩ ይቀድማል፤ ተሰብሳቢውም «አሚን» ይላል። ከዚያ በኋላ ተበዳይ ሳይቋረጥ ይናገራል፤ በዳይም ይመልሳል። ሽማግሎቹ ሁለቱን ለየብቻ እያነጋገሩ ቍጣውን ያበርዳሉ፤ ነገሩ የደም እንደ ሆነ የሟችና የገዳይ ወገኖች መንገድ ላይ እንዳይገናኙ አድርገው፥ ካሣው ተቈርጦ፥ ዋስ ተጠርቶ፥ መሐላ ተፈጽሞ፥ በመጨረሻ አንድ ማዕድ ላይ ያቀርቧቸዋል። «ዕርቅ ደም ያድርቅ» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። የመንግሥት ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ለይቶ ይቀጣል፤ ሽማግሌ ግን ነገ በአንድ ወንዝ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ጭምር ያስባል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ዕውቀት በአገር ውስጥ ካለ፥ ወጣቱ ስለ ምን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አልፎም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል? ለዚህ መልስ ለመስጠት የነጻ ትምህርትን ነገር ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ተቀባይ ብቻ ሆና አልኖረችም። በ1950 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አክራ ላይ ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ሲሰበሰቡ፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ መጥተው ከተማሩት አንዱ ኬንያዊው ሮበርት ኡኮ ኋላ የአገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። የዚያው ዘመን ኢትዮጵያ በማስታረቅም ትታወቅ ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. የአልጄሪያና የሞሮኮን የድንበር ጦርነት ለማቆም ባማኮ ላይ በተደረገው ስብሰባ ከማሊ ጋር ሸመገለች፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን ተዋጊዎች አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ። ጎረቤትን ማስታረቅ የቻለች አገር የራሷን ልጆች ማስታረቅ እንዴት እንደ ከበዳት ኋላ የመጡት ዓመታት አሳይተዋል።

በውጭው ዓለም ዕርቅና ሰላም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ዮሐን ጋልቱንግ በኦስሎ የሰላም ምርምር ተቋም መሠረቱ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰላም ጥናት ክፍል ከፈተ፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኮስታ ሪካ የሰላም ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም ወሰነ። ከዚያ በኋላ ለተመራቂ ተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ ዕድል እየበዛ መጣ፤ የሮታሪ ማኅበር የሰላም ተማሪዎቹን በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምር ቈይቶ በ2021 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የሚሆን ማዕከል ጀምሯል። በእኛም አገር በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና የደኅንነት ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችም ከኢትዮጵያውያን ጋር ይማሩበታል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ የተቋቋመው በዚያው በ1999 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ውጫሌ ትምህርት እንመለስ። ተማሪው በውጭ ቋንቋ የሚማረው ቃል መጀመሪያ «ግጭት መፍታት» የሚል ነበር። ኋላ አሜሪካዊው ጆን ፖል ሌደራክ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመካከለኛው አሜሪካ ሲሠሩ፥ የአገሩ ሰዎች ይህን ቃል እንደ ጠረጠሩት ጽፈዋል፤ ጠቡን ፈታን የሚሉ ሰዎች የጠቡን ምክንያት ሳይነኩ ዝም የሚያሰኙን መሰላቸው። ስለዚህ ሌደራክ «ግጭትን መለወጥ» የሚለውን አነጋገር መረጡ፤ ይኸውም ጠቡን ማብረድ ብቻ ሳይሆን፥ ጠቡን የወለደውን ግንኙነትና በደል መለወጥ ማለት ነው። ከዚህም ጋር አስታራቂው ዕውቀት ከውጭ ይዞ የሚገባ ሳይሆን፥ በሕዝቡ ዘንድ ያለውን ዕውቀት የሚያወጣ መሆን እንዳለበት አስተማሩ። በአሜሪካ በምሥራቅ ሜኖናይት ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ከተማሩት መካከል ላይቤሪያዊቷ ሌማ ቦዊ ይገኙባቸዋል፤ እርሳቸው መጀመሪያ በአገራቸው የእስላምና የክርስቲያን ሴቶችን አስተባብረው ጦርነቱ እንዲቆም ታገሉ፥ ኋላ የማስተርስ ትምህርታቸውን ፈጸሙ፥ በ2011 እ.ኤ.አ.ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። እንግዲህ ባሕር ማዶ ያለው ትምህርት ራሱ ተማሪውን «ወደ አገርህ ሽማግሎች ተመለስ» ይለዋል ማለት ነው።

በወሎም ነገር ይህን ያደረጉ ሊቃውንት አሉን። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ በ1985 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በወሎ ስለ ነበሩት የእስልምና መምህራን፥ ነጋዴዎችና ገዢዎች ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ.ም ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ በመጽሐፍ አውጥተውታል። በቃሉ ያለችውን ጌታንና ሌሎቹን የትምህርት ማዕከሎች፥ እንዲሁም የሼህ ጦልሐን ሕይወት የውጭው ዓለም በደንብ ያወቀው በእርሳቸው ሥራ ነው። ሁሴን አህመድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው በ2009 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ሜሮን ዘለቀ በጀርመን አገር በባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሲማሩ፥ ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ባለው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ጥሩ ሲና በተባለ ቅዱስ ቦታ የሚደረገውን የሽምግልና ሥርዓት አጠኑ። «የሼኮች ችሎት» የሚባለውን ይህን ሥርዓት በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ፥ ኋላም በ2015 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ገልጸዋል። በሃይማኖትና በብሔር የተለያዩ ሰዎች ነገራቸውን ይዘው ወደዚያ እንደሚመጡ ከዚህ ጥናት እንረዳለን። ባይሮይት የተሰጠው የዶክትሬት ትምህርት ከጥሩ ሲና ሽማግሎች የተቀዳ ነው፤ እኛ በዚህ ላይ የምናክለው የለም።

ዳሩ ግን ዕውቀቱ ሁሉ እያለ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴንና ኮምቦልቻን ሞላ፤ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ገደማ ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ገባ፤ ያስጠለለው ሰው ራሱ ተፈናቃይ ሆነ። የትግራይ ተዋጊዎች ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ፥ ኅዳር 27 ቀን ገደማ፥ ከተሞቹን ሲለቁ፥ ሆስፒታሉ፥ ፋብሪካዎቹና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈውና ተጎድተው ተገኙ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ፕሪቶርያ ላይ ተፈራርመው ያ ጦርነት ቆመ፤ ነገር ግን ዓመቱ ሳያልቅ በዐማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ይህን ያየ ሰው «ሽማግሌውስ፥ ዲግሪውስ ምን ረዳ?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው።

እኛ የምንመልሰው እንዲህ ነው። የመንደር ሽማግሌ መድፍ አያቆምም፤ እንዲያቆምም አልተሠራም። እርሱ የሚያውቀው የሚተዋወቁ ሰዎችን ማስታረቅ ነው፤ የማይተዋወቁ ሠራዊቶች ሲዋጉ ሥርዓቱ ከዐቅሙ በላይ ይሆናል። ደግሞም በሽምግልናው ሸንጎ የሴቶችና የወጣቶች ድምፅ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ተበዳይም አንዳንድ ጊዜ «ለአገር ሰላም» እየተባለ ያለ ፈቃዱ ይቅር እንዲል ይገፋል። የተማረው ሰው የሚያስፈልገው በእነዚህ ቦታዎች ነው፤ የመንደሩን ዕርቅ ከአገር ሕግና ከመንግሥታት ውል ጋር እንዲያገናኝ፥ ያልተሰማውም እንዲሰማ ነው። ነገር ግን ተማሪው ከውጭ በተማረው ቋንቋ ብቻ ሪፖርት ጽፎ፥ ሪፖርቱም ለሌላ ሪፖርት መነሻ ሆኖ የሚቀር ከሆነ፥ የውጫሌን ስሕተት በሌላ መልክ ደገመው። የከተማው ሰው «ግጭትን መለወጥ» ሲል የገጠሩ ሰው ምን እንደ ሰማ ካልተጠየቀ፥ ሁለት ወረቀት በሁለት ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። ሕዝቡን ሳያማክር «ሰላም ይህ ነው» ብሎ ከላይ ቢናገርም ቦሩ ሜዳን ደገመ።

እኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምንጽፍና መዝገብ የምናገላብጥ ሰዎች፥ ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎችን ለማስተማር አንደፍርም። የሥራችን ጠባይ ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ያልተጻፈ ነገር ይጠፋል፥ ተጽፎ አንባቢ በማያገኝበት ቋንቋ የተቀመጠም እንደ ጠፋ ይቈጠራል። የአባጋሮቹ ዕውቀት ያለው በአእምሯቸውና በምርቃታቸው ነው፤ አንድ አባት ሲሞት አንድ መዝገብ ይዘጋል። በ2011 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር ሲቋቋም፥ በ2014 ዓ.ም.ም የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በዐዋጅ ሲወጣ፥ መንግሥት ይህን ሥራ እንደ ሥራ እንደ ቈጠረው ታይቷል። እንግዲህ ነጻ ዕድል የሚሰጠው ክፍል ሁሉ ከተማሪው ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን፤ ከትምህርቱ ዘመን ቢያንስ እኩሌታውን በአገሩ ገበያና ሸንጎ እንዲያሳልፍ፥ ያገኘውንም ላስተማሩት ሽማግሎች በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ እንዲያነብላቸው፥ እነርሱም «አዎን፥ ያልነው ይህን ነው» እስኪሉ ድረስ እንዲያርመው።

በመጀመሪያ ላቀረብነው ጥያቄ እነሆ መልሳችን። ዕርቅ ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩት ሆኗል፤ መሆኑም ደግ ነው። ነገር ግን ከሁለት ትምህርት ቤት ነው። አንዱ ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ሌላው ቡና የሚፈላበት ረከቦት ብቻ ነው ያለው። ልጃቸውን ለዚህ ትምህርት የሸኙት የደሴው አዛውንት ልጃቸው በተመለሰ ጊዜ የሚፈትኑት በወረቀቱ አይመስለንም፤ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች መካከል አስቀምጠው፥ አስቀድሞ ዝም ብሎ መስማት ይችል እንደ ሆነ ያዩታል። ለሚማሩትም ለሚያስተምሩትም ልቡናውን ይስጥልን።